የሪሞት መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ጥርሷን ቁጠሩ

ሰላም ወገኖቼ። በተለይ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ሆናችሁ ያገለገለች የእሽቅድምድም ሪሞት መኪና የምታፈላልጉ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ የታናሽ ወንድሜን ቁጠባ ጭምር ነው ያስበላሁት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሻጩ መኪናዋን ባዶ አስፋልት ላይ ለቀቃት። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። በረረች! «80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለች ወንድሜ፣ ሞተሩ ብራሽለስ ስለሆነ ደግሞ አይቃጠልም» አለኝ። 14 ሺህ ብር ቆጥረን ሰጠነው። በማግስቱ ሣር ሜዳ ላይ ነዳናት። 6 ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሞተሩን ስነካው ጣቴን ለበለበኝ።

ቤት ወስጄ ክዳኗን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። የሞተሩ ዘንግ ላይ የምትገባው ትንሿ ማርሽ ፒኒየን ትባላለች። እሷ የምታዞረው ትልቁ ማርሽ ስፐር ነው። የእኔዋ ስፐር 54 ጥርስ አለው። መመሪያዋ ፒኒየኗ ባለ 15 ጥርስ እንድትሆን ያዛል። ሻጩ ግን እሷን አውጥቶ ባለ 24 ገጥሞባታል።

ይህ ምን ያመጣል? 54 ለ15 ሲካፈል 3.6 ነው። ሞተሩ 3.6 ጊዜ ሲዞር ትልቁ ማርሽ አንዴ ይዞራል። በባለ 24 ግን 2.25 ብቻ ነው። ፍጥነቷ በወረቀት 1.6 እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ የሚሸከመው ጫናም በዚያው ልክ ይጨምራል፣ የሚስበው ከረንትም እንደዚያው። ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከረንቱ በራሱ ሲባዛ ነው የሚያድገው። 1.6 በ1.6 ሲባዛ ከ2.5 እጥፍ በላይ ነው። ባሕር ዳር ሳይክል የነዳ ሰው ይህን በጉልበቱ ያውቀዋል። በከባዱ ማርሽ የቤዛዊትን ዳገት ለመውጣት ሞክሩ እስኪ። ሜዳው ላይ ያበረራችሁ ማርሽ ዳገቱ ላይ እግራችሁን ይሰብረዋል። ሣርና ጠጠር ለዚህች ትንሽ ሞተር ዳገት ነው።

«ብራሽለስ አይቃጠልም» የሚለው ውሸት ነው። ብራሽለስ ማለት የሚያልቅ ብራሽ (እየተፋተገ ለሚዞረው ክፍል ከረንት የሚያደርስ ካርቦን) የለውም ማለት ብቻ ነው። የመዳብ ሽቦው አለ፣ ማግኔቱም አለ። ሽቦው ከጋለ ልባሱ ይቃጠላል። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፤ ሲቀዘቅዝም ሁሉም አይመለስለትም። የእኛም ሞተር እንዲህ ነው የሆነው። ይዞራል፣ ግን አቅም የለውም። በዚያ ላይ አካባቢያችን ከፍታ ቦታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 በላይ። አየሩ ስስ ሲሆን ከሞተሩ ላይ ሙቀት የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል።

80 የተባለውንም አሰላሁት። ሞተሩ 3300 ኬቪ ነው፤ ጭነት ከሌለበት በ1 ቮልት በደቂቃ 3300 ጊዜ ይዞራል። ባለ 2 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ 7.4 ቮልት ነው፤ ሲባዛ 24,420 ዙር። ለ2.25 አካፍሉት። ዲፈረንሻሉ (ዙሩን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ማርሽ) ደግሞ እንደገና ለ2.6 ያካፍለዋል። ጎማዋ ዲያሜትሩ 6.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚወጣው 51 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ባትሪው ጢም ብሎ 8.4 ቮልት ቢሞላ እንኳ 58። ይኸውም ንፋስና መንገድ ሳይቀንሱለት! ሻጭ ፍጥነት ሲጠራላችሁ በስልካችሁ አስሉበት።

በሬ ስንገዛ ጥርሱን አይተን አይደል? እዚህም ክዳኗን አስከፍቱና ጥርሷን ቁጠሩ። ከመመሪያው ሁለት ሦስት ጥርስ የምትበልጥ ከሆነ ለምን እንደተቀየረች ጠይቁ። ጥርሶቹ አንድ ዓይነት ልክ መሆናቸውንም እዩ። 48 ፒች እና 0.6 ሞጁል የሚባሉት የጥርስ ልኮች በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ግን አይናበቡም፤ ፕላስቲኩ ማርሽ ቶሎ ይበላል። ከዚያ 5 ደቂቃ ሙሉ፣ እናንተ በምትነዱበት መሬት ላይ አስነዱ። 30 ሰከንድ አትቀበሉ። ስትቆም ሞተሩን በጥንቃቄ ንኩት። ጣታችሁን ሦስት ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ ሳትገዙ ሂዱ። ሞተሩን አሽትቱትም፤ የተቃጠለ ልባስ ሽታው ቶሎ አይለቅም።

ሻጩን ደውዬለት ነበር። «አነዳድህ ነው ያቃጠላት፣ የሸጥኩትን አልመልስም» ብሎ ዘጋው። አሁን ባለ 15 ፒኒየኗን መልሰንላታል፣ ሞተር ግን ሌላ መግዛት አለብን። ወንድሜ እንደገና ማጠራቀም ጀምሯል። ትናንት ማታ ደግሞ ያው ሰውዬ ሌላ ቀይ መኪና ለሽያጭ ለጥፎ አየሁ። «80 ትበራለች» ይላል።