የኋላ ስፒከር ልቀይር ላሉ፦ ኮአክሲያል፣ ኮምፖነንት ወይስ ሳብዉፈር?

የመኪናውን ድምፅ ላሻሽል ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የኋላዎቹን ስፒከሮች ነው። በብዙ መኪኖች ከፊቶቹ ተለቅ ይላሉ፤ ባሱም ከእነሱ የሚመጣ ይመስላል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይሞክሩ። መኪናው ቆሞ ሳለ በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱ። ቴፑ ላይ ፌደር የሚለውን ፈልገው ድምፁን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ይውሰዱት፤ ጥቂት ሰምተው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ።

ከፊት ብቻ ሲጫወት የዘፋኙ ድምፅ ከታፈነ ወይም ከቀጠነ ችግሩ ያለው ፊት ነው። የኋላውን በምንም ዓይነት ውድ ስፒከር ቢቀይሩት አይስተካከልም። ከኋላ ብቻ ሲጫወት የተቀደደ ነገር የሚመስል ድምፅ ካወጣ ግን ስፒከሩ አብቅቶለታል፤ መቀየሩ ተገቢ ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ባስ ብቻ ካነሰዎት መፍትሔው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ኋላ ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቻዎን የሚነዱ ከሆነ የኋላ ስፒከር ሥራው ማገዝ ነው። ዘፋኙ ከፊትዎ ቆሞ የሚዘፍን እንዲመስል የሚያደርጉት የፊቶቹ ናቸው። የኋላው ከእነሱ እኩል ሲጮህ ድምፁ ከጀርባዎ መምጣት ይጀምራል፤ ያ ስሜት ይጠፋል። ስለዚህ ለሹፌር ጥሩው ልክ የኋላው ሲጫወት ብዙም የማይታወቅ፣ ሲጠፋ ግን የሆነ ነገር ጎደለ የሚያሰኝ ነው። ለዚህ ሥራ ከልክ በላይ ውድ ስፒከር አያስፈልግም። ቤተሰብ ወይም ተሳፋሪ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመጥ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል።

ኮአክሲያል ወይስ ኮምፖነንት

ኮአክሲያል ማለት ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትልቁ ስፒከር መሃል ላይ የተገጠመበት ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ነው፤ አሮጌውን አውጥተው በዚያው ቀዳዳ ያስገቡታል። ኮምፖነንት ደግሞ ትልቁ ስፒከር ለብቻ፣ ትዊተሩ ለብቻ፣ ድምፁን የሚከፋፍለው ክሮስኦቨርም ለብቻ ነው።

የኮምፖነንት ትልቁ ጥቅም ትዊተሩን ወደ ጆሮ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ቀጭን ድምፅ አቅጣጫ ይመርጣል፤ እግር ሥር ከሆነ ወንበርና ጉልበት ያፍኑታል። ይህ ጥቅም ፊት ላይ ወርቅ ነው። ኋላ ላይ ግን፣ አድማጩ ሹፌሩ ከሆነ፣ ከነጭራሹ አይሰማም ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ትዊተሩ የሚገባበት ቦታ መፈለግ፣ ገመድ መሳብ፣ ምናልባትም የበሩን ፕላስቲክ መብሳት ሊኖር ነው።

ስለዚህ ለኋላ ሳላቅማማ ኮአክሲያል እላለሁ። ሐሳቤን የምቀይረው የኋላው በር ከፋብሪካው የትዊተር ቦታ ካለውና ኋላ የሚቀመጠው ሰው ድምፅ የሚለይ ከሆነ ብቻ ነው። ኮምፖነንት ለመግዛት የቆረጠ ሰው ፊት ላይ ይግጠመው።

ካርቶኑ ላይ ቱ ዌይ፣ ስሪ ዌይ፣ ፎር ዌይ የሚለው ቁጥር እንዳያሳስትዎ። ትንንሽ ትዊተሮች መደርደር ስፒከሩን የተሻለ አያደርገውም። በደንብ የተሠራ ቱ ዌይ በግዴለሽነት ከተሠራ ፎር ዌይ ይበልጣል።

6.5 ኢንች ወይስ 6 በ 9

ምርጫው የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ መኪናውም ይወስናል። የኋላ በር ላይ በብዛት የሚገኘው ክቡ 6.5 ኢንች ነው። ሞላላው 6 በ 9 የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ መስታወት ሥር ባለው ጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ ነው።

በስም መጠናቸው ሲሰላ 6 በ 9 ከ6.5 በሩብ ያህል የሚበልጥ ስፋት አለው። ብዙ አየር ስለሚገፋ ባሱ ወፈር ይላል። መደርደሪያው ላይ ሲገጠም ደግሞ ፖርቶ መጋላው እንደ ትልቅ ሳጥን ያገለግለዋል። ሳብዉፈር፣ ማለትም ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ የመግጠም ሐሳብ ከሌለዎትና ቀዳዳው ካለ 6 በ 9 ይግዙ።

ቀዳዳው ከሌለ ግን ቆርቆሮ አይቁረጡ። በሩ ላይ ጥሩ 6.5 ገጥመው የቀረውን ጉልበት በሩን በማሸግ ላይ ቢያውሉት ይሻላል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ስፒከር ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። በስፒከሩና በብረቱ መካከል ክፍተት ካለ የፊቱና የኋላው አየር ይገናኛል፤ ባሱም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ብዙ ሰው «አዲሱ ስፒከር ባስ የለውም» ብሎ የሚያማርረው በዚህ የተነሳ ነው። በስፒከሩ ዙሪያ ስፖንጅ ማድረግ፣ የበሩን ትልልቅ ክፍተቶች መዝጋትና የሚንቀጠቀጠውን ቆርቆሮ በድምፅ ማፈኛ ምንጣፍ መሸፈን ርካሽ ሥራ ነው። ልዩነቱ ግን አንዳንዴ ስፒከሩን ራሱን ከመቀየር ይበልጣል።

ጥልቀቱንም ይለኩ። በር ውስጥ መስታወት ይወርዳል፤ የአዲሱ ስፒከር ማግኔት ወፍራም ከሆነ ይነካዋል። መስታወቱን እስከ መጨረሻ አውርደው ከስፒከሩ ማሰሪያ እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ይለኩና ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጥልቀት ጋር ያስተያዩ። የማይበቃ ከሆነ ጠፍጣፋ ተደርገው የተሠሩ ስፒከሮች አሉ፤ በአብዛኛው ትንሽ ባስ ይቀንሳሉ።

ለመደርደሪያው ሲገዙ የጠርዙን ዕቃ ይመልከቱ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ እዚያ ያርፋል። ጠርዙ ስፖንጅ የሆነ ስፒከር በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይፈረፈራል፤ ጎማ የሆነው ብዙ ይቆያል። ኮኑም (የሚንቀጠቀጠው የስፒከሩ ፊት) ከተራ ወረቀት ይልቅ ፖሊፕሮፒሊን ቢሆን ሙቀትና እርጥበት ይችላል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት

በትልቁ የተጻፈው «300 ዋት» ለቅጽበት የሚችለው ጣሪያ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት አር ኤም ኤስ የሚለውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚችለውን ነው። በቴፑም በኩል እንዲሁ ነው። «50 በ 4» የተባለ ቴፕ ያለማቋረጥ ለአንድ ስፒከር የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዋት ነው።

አሁን ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው 80 ዋት አር ኤም ኤስ ይችላል፤ ሴንሲቲቪቲው፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚሰማ የሚያሳየው ቁጥር፣ 88 ዴሲቤል ነው። ሁለተኛው የሚችለው 50 ዋት ነው፤ ሴንሲቲቪቲው ግን 91። ብዙ ገዢ 80 የሚለውን ያነሳል። በቴፑ ብቻ የሚያጫውቱ ከሆነ ግን ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁለተኛው ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የእጥፍ ኃይል ያህል ስለሆነ፣ ሁለተኛው በ15 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ የመጀመሪያው ለማውጣት 30 ዋት ይፈልጋል። ቴፑ ደግሞ 30 ዋት የለውም። አምፕሊፋየር (የድምፁን ኃይል የሚያጎላ ዕቃ) ከገጠሙ ያኔ የመጀመሪያው ትርጉም ይኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። አንዳንዱ አምራች ሴንሲቲቪቲ የሚለካው በ1 ዋት ነው፤ አንዳንዱ በ2.83 ቮልት። ለ4 ኦም ስፒከር 2.83 ቮልት ማለት 2 ዋት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው መንገድ የተለካው ቁጥር በ3 ዴሲቤል ያምራል። ሲያወዳድሩ በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ኦሙም፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ይታይ። የተለመደው 4 ኦም ነው። ከፋብሪካው አምፕሊፋየር ያለው መኪና ግን 2 ኦም ስፒከር ሊኖረው ይችላል፤ እዚያ 4 ኦም ቢገጥሙ ድምፁ ያንሳል። በተቃራኒው ለ4 ኦም በተሠራ ቴፕ ላይ 2 ኦም መግጠም ቴፑን ያግለዋል፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። አሮጌውን ስፒከር ፈትተው ጀርባውን ያንብቡ።

የኋላውን ትቶ ሳብዉፈር?

የጎደለዎት ባስ ብቻ ከሆነ መልሴ አዎ ነው። የኋላዎቹ በደህና ከሠሩ ይተዉዋቸው። የራሱ አምፕሊፋየር ያለው፣ ወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ሳብዉፈር ከአብዛኞቹ የኋላ ስፒከሮች ይልቅ ወፍራሙን ባስ በደንብ ያወጣል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ፣ ማለትም ወፍራሙ ባስ፣ ከየት እንደመጣ ጆሮ በቀላሉ ስለማይለይ፣ ሳብዉፈሩ ኋላ ቢሆንም ዘፋኙን ወደ ኋላ አይጎትተውም። ቴፑ ክሮስኦቨር ካለው ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሳብዉፈሩ ብቻ ይስጡ። ሌሎቹ ስፒከሮች ሸክማቸው ሲቀልላቸው እነሱም ጥርት ይላሉ።

ጉዳቱ ገመዱ ነው። ኃይሉ ከባትሪ በቀጥታ ይመጣል፤ ባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ የግድ ነው። ገመዱ ቢላጥና ብረት ቢነካ እሳት የሚያስቀረው ያ ፊውዝ ነው። ፊውዝ አያስፈልግም የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎት መኪናውን ይዘው ይሂዱ።

የመረጡት ስፒከር ሆኖ ራስዎ የሚገጥሙት ከሆነ የፋብሪካውን ገመድ ከመቁረጥ ለመኪናዎ የሚሆን የስፒከር ሶኬት ይግዙ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የቱ እንደሆነ ካልታወቀዎት የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይያዙ። የባትሪውን ፖዘቲቭ በአንዱ፣ ኔጋቲቩን በሌላው የስፒከር ጫፍ ለቅጽበት ነካ ያድርጉ። ኮኑ ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ለሁለቱም ስፒከሮች ያድርጉት። አንዱ ተገልብጦ ከተገጠመ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ባሱም ይጠፋል። የበሩን ፕላስቲክ መልሰው ከመግጠምዎ በፊት ይሞክሩት።