ፎርማት ሳይደረግ የዳነው የአባቴ ኮምፒውተር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ጎረቤቶች፣ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ፍለጋ መሀል ከተማ ድረስ አትንከራተቱ። እዚሁ ሰፈራችን ጎበዝ ልጅ አለ።

አባቴ የእድር ጸሐፊ ነው። የአባላቱን መዋጮ የሚመዘግበው በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 7፣ ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 2 ጊጋ። ከወር በፊት ኢንተርኔት እምቢ አለው። ዋይፋዩ ይይዛል፤ ግን የትኛውንም ገጽ ሲከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይመልሰዋል። በዚያ ላይ ፍላሹ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ምልክት ብቻ፣ ሆነው ቁጭ አሉ። የስድስት ዓመት የእድር ሂሳብ! አባቴ እህል አልቀመሰም ብል ማጋነን ነው፤ ቡናውን ሳይጨርስ ሲነሳ ግን አይቻለሁ።

መጀመሪያ የወሰድንበት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ገና ሳያበራው «ፎርማት ነው፣ ሃርድ ዲስኩም ይቀየር» አለን፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። ተሸክመን ተመለስን።

ይሄኛው ልጅ ቤት ድረስ መጣ። መጀመሪያ ያየው ታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን ነው። 2009 ይላል።

«አባባ፣ ቀኑ ሁሌ እንዲህ ነው?»

«መብራት በጠፋ ቁጥር እዚያ ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር መስሎኝ» አለ አባቴ። በእኛስ ቢሆን ካለፈ ስንት ጊዜው!

ልጁ ሳቀና ክዳኑን ፈታ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ አምስት ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 የምትባል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ሞታለች። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የደህንነት ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ 2009 ላይ ነኝ ካለ፣ የዛሬው ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ይመስለዋልና አያስገባም። ባትሪው ተቀየረ፣ ቀኑ ተስተካከለ፣ ገጹ ተከፈተ።

ፍላሹን ሲያይ «ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረስ ደብቋቸው ነው» አለ። ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁሯን መስኮት ከፍቶ አትሪብ ብላ የምትጀምር አንድ መስመር ጻፈ። ፎልደሮቹ ብቅ ብቅ አሉ፤ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉት የድሮ ደብዳቤዎች ሳይቀሩ። የሂሳቡን ፋይሎች ብቻ መርጦ ሌላ ፍላሽ ላይ ከገለበጠ በኋላ ነው ቫይረሱን ያጸዳው።

ዊንዶውሱን ቀይርልን ስንለው አልተስገበገበም። «11 ይሄን ማሽን አይቀበለውም። 10ን በዚህ ራም ብጭነው ይጎተትብዎታል። ያለው 7 ለእድር ሂሳብ ይበቃዎታል፤ ግን ማይክሮሶፍት ለ7 ማሻሻያ መላክ ያቆመው በፈረንጅ 2020 ነው፣ የባንክ ነገር እዚህ ላይ እንዳይከፍቱ» አለው።

600 ብር ከፈልን፣ ባትሪውን ጨምሮ። እውነቱ ይነገር ካላችሁ ቀጠሮ ላይ ችግር አለበት፤ 4 ሰዓት ብሎ የመጣው 7 ሰዓት ነው። እናቴ ተቆጥታ ጠብቃው፣ መጨረሻ ላይ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም ብላ ያዘችው።

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። አባቴም የዚህን ወር መዋጮ መመዝገብ ጀምሯል፤ ያልከፈላችሁ ተዘጋጁ።