ባለአራት ጎማ ሞተሬ ከስምንት ወር በኋላ፦ ቁልቁለት ላይ የለቀቀኝ ቀን

«አብሽር፣ አውቶማቲክ ነው፤ ዘይቱን ብቻ እየቀየርክ ንዳው» ነበር ያለኝ ሻጩ። አመንኩት። ስድስት ወር ሙሉ ከደሴ ወደ ጦሳ ተራራ መኖ ጭኜ ወጣሁ፣ ወተት ይዤ ወረድኩ። አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከኋላ አስሬ ስወርድ የነዳጅ መስጫውን ለቀቅኩ። ሌላ ጊዜ ሞተሩ እያጓራ ይይዘኝ ነበር። ያን ቀን ጸጥ አለ። እንደ ብስክሌት ይንከባለል ጀመር። ፍሬን ያዝኩ፣ ደጋግሜ ያዝኩ። ታች ስደርስ የፍሬን ሸራው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በፒክአፕ አስጭኜ ኮምቦልቻ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ የቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያሳልፈውን ቀበቶ፣ ክዳን ሲከፍት ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። ቺንጋው ጠርዙ ተበልቶ ቀጥኗል። ቺንጋው ከሚዞርበት ከፊተኛው ፑሊ መሃል ያለችውን ኩሽኔታ አውጥቶ በጣቱ አዞራት። «ጋሼ፣ ይቺ በአንድ በኩል ዞራ በሌላው መንከስ አለባት» አለኝ። በሁለቱም በኩል ትሽከረከራለች! ነዳጅ ስንለቅ ቺንጋው ይላላል፤ ያኔ የጎማውን ግፊት ለሞተሩ አሳልፋ የምትይዘን እሷ ናት።

ወንድሜ ሻጩ፣ ይህን እንዴት አትነግረኝም? የምትሸጠው እኮ ደሴ ላይ ነው! ከዚህ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል እንወርዳለን። በዚያው መንገድ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት ሹፌር ሁሉ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላል። አውቶማቲክ ነው ብለህ ይህን ማስቀረት አትችልም።

ኩሽኔታዋና ቺንጋው ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ቆምኩ። አሁን በየወሩ ክዳኑን አስከፍቼ በኮምፕሬሰር አስነፋለሁ። ቺንጋው ላይ ዘይትም ግራሶም ጠብ አይልም፤ ከተንሸራተተ ይቃጠላል። ወንዝ ከተሻገርኩ የቺንጋው ክዳን ውስጥ የገባውን ውሃ አፈሳለሁ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባዱን (ዝቅተኛውን) ማርሽ አስገባለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ሞተር አጥፍታችሁ የምትወርዱ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገዢ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር። አልሸጥም አልኩት፤ ሞተሩን ወድጄዋለሁ። ወደዚያ ሻጭ ግን ሰው አልክም።