ከጦር ሜዳ መጥታ ታክሲዬ ውስጥ የገባችው ማሰሪያ

ቺካጎ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ማታ ማታ ጋርፊልድ ፓርክ ወደሚባለው ሰፈር ሰው ሳደርስ የሰማሁት ርችት ይሁን ጥይት በጆሮዬ መለየት ለምጃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ከጎኔ ስለማትለየኝ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ነው፤ ከቆሰለ እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቃ የምትታሰር ቀበቶ ናት። ካት ቱርኒኬት ትባላለች። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለወታደሮቹ ያደላት ናት። ዋጋዋ 30 ዶላር ገደማ ነው።

«ከተማ ውስጥ ምን ትሠራልሃለች?» ያለኝ ጓደኛ አለኝ። ዲሴምበር 2022 ጃማ ኔትወርክ ኦፕን በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት ነገርኩት። በ2020 እና በ2021፣ በቺካጎ ጥይት እጅግ በበዛበት ዚፕ ኮድ (የፖስታ ቁጥር ክልል) የሚኖር ከ18 እስከ 29 ዓመት ያለ ወንድ በጥይት የመሞት አደጋው፣ አፍጋኒስታን ውጊያ ውስጥ ከነበረ የአሜሪካ ብርጌድ ወታደር ከ3 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በፊላዴልፊያ ደግሞ 2 እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ግን ከወታደሩ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ «አሜሪካ ሁሉ ጦር ሜዳ ሆኗል» የሚሉት አልገባቸውም። መከራው የወደቀው ጥቂት ሰፈሮች ላይ ነው። ወታደሩ ጥይት መከላከያ ይለብሳል፣ ሲመታ የሚያክመው ጓድ አጠገቡ አለ፣ ግዳጁ ሲያልቅ አገሩ ይገባል። የሰፈሩ ልጅ ግን ቤቱ እዚያው ነው። ባሕር ኃይሉ እንኳ የሕክምና ረዳቶቹን የጥይት ቁስል እንዲለምዱ እዚሁ ቺካጎ፣ ስትሮገር ሆስፒታል ልኳል።

ወደ ማሰሪያዋ ልመለስ። መጀመሪያ የገዛሁት ኢንተርኔት ላይ በ8 ዶላር ነበር። ተሸወድኩ። «ስቶፕ ዘ ብሊድ» (ደሙን አቁም) የሚባለው ሥልጠና ላይ ይዤው ሄድኩ። ቀበቶውን የሚያጠብቀውን ዘንግ ሦስተኛ ዙር ሳዞረው ተጣመመ። ያ የሰው እግር ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። እባካችሁ ከአምራቹ ወይም እሱ ከፈቀደለት ሻጭ ብቻ ግዙ።

ሥልጠናው በነፃ ነበር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። መጀመሪያ 911 መደወል። ከዚያ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማሰር፣ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይሆንም። ቀበቶውን ሳብ፣ ደሙ እስኪቆም ዘንጉን አዙር፣ ቆልፍ፣ ሰዓቱን ጻፍ። አሠልጣኟ ነርስ እጄ ላይ ስታጠብቀው ጮህኩ። «ካላመመህ አልጠበቀም ማለት ነው» አለችኝ። አንገት፣ ደረትና ሆድ ላይ ማሰሪያ አይሠራም። ብሽሽትና ትከሻ ላይ ከሆነ ቁስሉ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ በሁለት እጅ መጫን ነው።

አንድ የማልወደው ነገር ጥቁሩ ቀለም ነው። ጨለማ መኪና ውስጥ ሲወድቅ አይታይም። ብርቱካናማውን ግዙ።

ሁለተኛዋን ለልጄ ገዛሁለት፣ 16 ዓመቱ ነው። እሁድ ዕለት እግሬ ላይ አሰራት፣ 40 ሰከንድ ፈጀበት። ዛሬ ማታ ከሥራ ስገባ እንደገና እንሞክራለን።