ዓርብ ቀን ቴሩኤል አትግቡ

ስፔን፣ ቫሌንሲያ ለእረፍት ሄደን በአራተኛው ቀን ባሕሩም ግርግሩም ሰለቸን። እኔና ባለቤቴ ለሁለት ሌሊት ወጣ ብለን እንምጣ ተባባልንና አውቶቡስ ይዘን ቴሩኤል የምትባል ትንሽ ከተማ ገባን። መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ አብዛኛው ዳገት። ከማድሪድ ለምትመጡ ቀጥታ ባቡር የለም። ያለው ከቫሌንሲያና ከሳራጎሳ ነው፣ እሱም ተዝናንቶ ነው የሚሄደው። ኤርፖርት አላት ሲሏችሁም ትኬት ፍለጋ አትግቡ። መንገደኛ አያስተናግድም፤ ሥራ የፈቱ አውሮፕላኖች የሚቆሙበትና የሚጠገኑበት ቦታ ነው።

ከስፔን የክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች በሕዝብ ብዛት ትንሿ ናት፤ 36 ሺህ ሰው ገደማ ቢኖርባት ነው። ነዋሪዎቿ መረሳቱ ቢመራቸው እ.ኤ.አ. በ1999 «ቴሩኤልም አለች» የሚል እንቅስቃሴ ጀመሩ፣ በ2019 ደግሞ በዚሁ ስም ፓርላማ አንድ ወንበር አገኙ።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። ቴሩኤል የሃሞን አገር ናት። ሃሞን ማለት በጨው ታሽቶ በደጋው ብርድ ወራት ሙሉ የሚደርቅ የአሳማ እግር ነው። ልኳንዳው ውስጥ ተሰቅሏል፣ ቡና ቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል፣ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ውስጥ ሳይቀር አለ። እኛ ደግሞ አሳማ አንበላም፣ በዚያ ላይ ባለቤቴ ጾም ናት። አንድ ምግብ ቤት ገብተን ሥጋ የሌለበት ሰላጣ ብለን አዘዝን። ቱና ተቆልሎበት መጣ። መለስነው። ሁለተኛው ደግሞ ላዩ ላይ ቀያይ ነገር ተበትኖበት መጣ፤ ሃሞን! አስተናጋጁ አልቀለደም፣ ለእሱ ሃሞን ቅመም እንጂ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ «ያለ ሥጋ» ብላችሁ አትመኑ፣ አንድ በአንድ ቁጠሩለት፤ ሲን ሃሞን፣ ሲን አቱን፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ። ያለ ሃሞን፣ ያለ ቱና፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። እሷ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ የተጠበሰ ቀይ ቃሪያና የወይራ ፍሬ በልታ ዋለች። ሚጋስ የሚሉት የዳቦ ፍርፍር ሲያዩት ያጓጓል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አሳማ አለበት፣ ጠይቁ።

ቅዳሜ ግን ተካስን። ቴርናስኮ የሚሉት የጠቦት ጥብስ፣ ከድንች ጋር በምድጃ የተጋገረ፣ አጥንቱ እጅ ላይ የሚላቀቅ። የቀኑ ሜኑ ከሾርባና ከጣፋጭ ጋር 16 ዩሮ ከፈልን። ለዚያ ጥብስ አይቆጨኝም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ እስከ 11 ድረስ ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ድመት ብቻ ነው። እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ብትጠይቁ እንደ እብድ ያዩዋችኋል። እኛ 1 ሰዓት ላይ ርቦን ነበር።

ዋናው አደባባይ ፕላሳ ዴል ቶሪኮ ይባላል፣ የኮርማው አደባባይ እንደማለት። ስሙን ሰምቼ ይህን የሚያህል ኮርማ ነበር የጠበቅኩት። ረጅም ዓምድ ጫፍ ላይ ድመት የምታክል ነገር ቆማለች፣ በቃ! ባለቤቴ አንገቷን ቀና አድርጋ «ይቺ ናት?» አለች። ግን እንዳትስቁባት፣ በ2022 ዓምዱ ወድቆ ከተማው በሙሉ ደንግጦ ነበር። በሐምሌ ወር በዓላቸው ሲደርስ አንገቷ ላይ ቀይ መሐረብ ያስሩላታል፣ ያን ሰሞን አልጋ አታገኙም።

ሰው የሚመጣው ግን ለማማዎቹ ነው፣ እኔም በእነሱ ነው የተሸነፍኩት። ከክርስቲያን ነገሥታት ሥር የኖሩ ሙስሊም ግንበኞች ጥበብ ነው፣ ሙዴሃር ይሉታል። ቀይ ሸክላ ጡብ እንደ ጥልፍ ተሰድሯል፣ በመሃል አረንጓዴና ነጭ ሴራሚክ ያብለጨልጫል። ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። የኤል ሳልቫዶርን ማማ ውጡ። ከሥሩ መንገድ ያልፋል፣ ውስጡ ደግሞ ማማ ውስጥ ማማ ነው፣ ደረጃው በሁለቱ ግድግዳ መካከል እየዞረ ይወጣል፣ ልክ እንደ ድሮ የመስጊድ ሚናራ። ከመቶ በላይ ደረጃ አለው፣ ጉልበት የሚያማችሁ ተዉት። ካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ ቀና በሉ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ጣሪያ ነው፣ ነገሥታት፣ አናጺዎች፣ አውሬዎች ተስለውበታል። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል። የሚገርመው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1937 እና በ38 ክረምት ቤት ለቤት የተዋጉባት ከተማ ናት፤ ብርዱ ራሱ ወታደር ጨርሷል። ጣሪያው ግን ተረፈ።

«የቴሩኤል ፍቅረኞች» የሚባሉትን ጥንዶች መቃብር ብዙ አልጠበቅኩበትም ነበር። ታሪኩ ድሃው ዲዬጎ ሀብት ሊያመጣ 5 ዓመት ተሰጥቶት ሲመለስ ኢሳቤል ያን ቀን ተድራ ያገኛታል የሚል ነው። አንድ ጊዜ ሳሚኝ ሲላት፣ ባል አለኝ ብላ ትከለክለዋለች። እሱ እዚያው ይሞታል። በማግስቱ ቀብሩ ላይ አስከሬኑን ስማ እሷም ትሞታለች። ሐውልቶቻቸው ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ እጆቻቸው ተዘርግተዋል፣ ግን አይነካኩም። ባል አላትና። ባለቤቴ እዚያ ጋ ረጅም ደቂቃ ቆመች፣ እኔ ዝም አልኩ።

ሆቴላችን ስሙን አልጠራም፣ ማሞቂያውን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ያጠፉታል። ቴሩኤል ከባሕር ጠለል በላይ 915 ሜትር ብቻ ናት፣ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ትላለች፣ ብርዷ ግን ሌላ ነው። ጋቢ የምትጭኑ ጫኑ። ልጅ ላላቸው ዲኖፖሊስ የሚባል የዳይኖሰር ፓርክ አለ፣ እኛ አልገባንም።

ስንመለስ ባቡር ያዝን። ጣቢያው ከታች ነው፣ የሚወረደውም በትልቁ የኦቫሎ ደረጃ፣ በ1921 ገደማ የተሠራ ነው፣ ያምራል። ሁለት ሻንጣ ተሸክመን እየተነጫነጭን ወርደን ጨርሰን ዞር ስንል አሳንሰሩን ከጎኑ አየነው።