ዘጌን በእግር፦ ከኡራ ወደብ እስከ አፋፍ

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ለእኛ ጎረቤት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይዘን የምንሄድበት። ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አልቆጥረውም። ግን በዚህ ታኅሣሥ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ «ጀልባ ላይ ተቀምጬ አልውልም፣ በእግራችን እንሂድ» ባትለኝ ኖሮ፣ ዘጌን በደንብ እንዳላየሁት እስከ ዛሬም አይገባኝም ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእኛ ለቅርቦቹ ነው።

የተለመደውን ጉዞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጀልባ ትይዛላችሁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ጣና ላይ ትሄዳላችሁ፣ ኡራ ወደብ ትወርዳላችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለማላችሁ፣ ስትመለሱ አዝዋ ማርያም ጎራ ትላላችሁ፣ ከዚያ ተመልሶ ጀልባ። ለምሳ ባሕር ዳር ናችሁ። መጥፎ ነው አልልም። ግን እንደዚያ የሄደ ሰው ሁለት ቤተ ክርስቲያን አየ እንጂ ዘጌን አላየም። ዘጌ በዛፎቹ መሃል ያለችው መንደር ናት።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ጀልባውን ለመሄጃ ብቻ ያዝን፣ ኡራ ወረድን፣ ጫካውን አቋርጠን በእግር አፋፍ የምትባለው ትንሽ ከተማ ገባን፣ ከአፋፍ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። እየቆምን፣ እየጠየቅን፣ ቡና እየጠጣን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደብን። መንገዱ ከባድ አይደለም። ኡራ ላይ ያለው ዳገት ትንሽ ያስተነፍሳል፣ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጥላ ነው።

ስለ ጀልባው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የያዝነው ሰው መሃል ሐይቅ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ቀዝቀዝ አድርጎ «ለመሄጃ ብቻ አያዋጣኝም፣ የደርሶ መልሱን ትከፍላላችሁ» አለን። ውሃ መሃል ሆኖ ምን ይባላል? ከፈልን። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ገንዘቡ ሳይሆን ከእንግዳ ፊት እንዲህ መደረጉ ነው ያናደደኝ። ስለዚህ ሳትሳፈሩ ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ፣ ግማሹንም ወደቡ ላይ ስትደርሱ ክፈሉ። ስንት እንደከፈልን አልጽፍም፣ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ይቀያየራል። ደግሞ በጠዋት ተነሱ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ጣና መማታት ይጀምራል።

ወደቡ ላይ የአካባቢው ልጆች ተራ ጠብቀው ያስጎበኛሉ። አንዱን ያዙ። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ ብላችሁ አትለፉት፤ ጫካው ውስጥ ቀጫጭን መንገዱ ብዙ ነው፣ የሚያመለክት ምልክት የለም፣ አንዳንዱ ሰው ጓሮ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ለእኛ የደረሰን ልጅ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። የሸመደደውን አያነበንብም። «ጋሼ፣ ይቺን ቅጠል ይሹዋት» ይልና ጌሾ እጄ ላይ ያስቀምጣል። ጌሾን ከገበያ ደርቆ ነው የማውቀው። እርጥቡን በጣቴ ሳሸው ጣቴ አረንጓዴ ሆነ፣ ሽታው ቀጥታ እናቴ የጠላ ጋን ስታጥን ወደነበረበት ጓዳ ወሰደኝ።

የዘጌ ሰው የሚናገረው ታሪክ አለ። አቡነ በትረ ማርያም ከበትራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉ፣ ሕዝቡም በእነዚህ ይኑር ተባለ፤ መሬቱ አይታረስ፣ በሬ አይጠመድ። ይህ ትዕዛዝ እስከ ዛሬ ተከብሮ ይኖራል። ልጁ ሲነግረን ቆም ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። በእርግጥም የእርሻ ማሳ የለም፤ የበሬም የሞፈርም ድምፅ የለም። ላዩ ዋንዛና ብሳና፣ ሥሩ ቡና፣ በቡናው መሃል የሣር ወይም የቆርቆሮ ክዳን ብቅ ይላል። በጣና ዙሪያ ያለው ሌላው ቦታ አብዛኛው ተመንጥሮ ማሳ ሆኗል። ይህ ጫካ የቀረው ሰው ባለመኖሩ አይደለም፣ ሰው እየኖረበት ነው። እህል የሚገዙት ቡናና ጌሾ ሸጠው ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት፣ ማለት ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ ብሎ፣ ሲመዘግብ እኛ ከተማ ውስጥ ደስ ብሎን ነበር፤ የዘጌ ገበሬ ግን ያንን ሥራ ከዚያ በፊት በስንት ትውልድ ነው የጀመረው!

ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ብዙዎቻችሁ ስላያችኋት አላስረዝምም። ገዳሟ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተች ይነገራል። ክብ ናት፣ መሃሏ ላይ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ አለ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ ሁሉንም ለማየት አትሩጡ፤ አንድ ሥዕል መርጣችሁ ፊቱ ቁሙ። እኔ በላዔ ሰብእ ፊት ቆምኩ። ሰባ ስምንት ሰው የበላው፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ የዳነው ሰውዬ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ነው። ቀርቤ ሳየው ነው ሸራው ግድግዳው ላይ መለጠፉን፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ መነሳቱን ያስተዋልኩት። መልካሞቹ በሁለት ዓይን ሙሉ ፊት ያዩናል፣ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ዞረችው፤ እኔም ጠበቅኳት። እባካችሁ በእጃችሁ አትንኩት፣ የፎቶ ብልጭታም አጥፉ። ሴትም ወንድም ይገባል፤ እንደ ደሴቱ ገዳም እንደ ክብራን ገብርኤል ወንድ ብቻ አይደለም።

ከኡራ በኋላ ያለው መንገድ ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። አብዛኛው ጎብኚ ወደ ጀልባው ይመለሳል፣ እናንተ ግን ወደ ውስጥ ትገባላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሞተር ድምፅ ይጠፋል። ከዚያ የሚሰማው ቅጠል ነው፣ ጦጣ ነው፣ አንዳንዴ ከሩቅ ልጅ ሲጣራ ነው። ምንቃሯ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር የተሸከመች ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ ከላያችን ስታልፍ የክንፏ ድምፅ ሰው የተነፈሰ ነው የሚመስለው። መንገዱ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ ሰላም ይላል፣ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎም አያልፍም፣ ቆሞ መልሳችሁን ይሰማል። በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ግቢ ናቸው፣ ጉልበት ካላችሁ እነሱንም ተሳለሙ።

መሃል ላይ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ሰሌን ዘርግተው ቡና ያሰጡ ነበር። ግማሹ ገና ቀይ፣ ግማሹ ጠቁሮ የተጨማደደ። በመዳፋቸው ያገላብጡታል፣ የተበላሸውን እየለቀሙ ይጥላሉ፤ ከእኛ ጋር እያወሩም እጃቸው አላቆመም። «እማማ፣ ይሸጣሉ?» አልኳቸው። «መጀመሪያ ቅመሰው እንጂ ልጄ» አሉና አስገቡን። ከጀንፈሉ የተፈለፈለውን ቆሉት፣ በሙቀጫ ወቀጡት፣ ጀበናው ተጣደ። አቦሉን ስጠጣ ስኳር አልፈለግኩም፤ ስኳር ሳልል ቡና የጠጣሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። የአክስቴ ልጅ በረካ ሳትጠጣ አልነሳም አለች። እሳቸውም «የኔ ዓለም፣ ማን ይነሳል ብሎሽ» አሏት። ሒሳብ ስንጠይቅ የቡናውን ፍሬ ብቻ እንጂ የጠጣነውን አንቀበልም ብለው ነበር፤ በግድ ነው የሰጠናቸው። እናንተም ስትሄዱ እንዲህ ያለ ቤት ከገባችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ።

አፋፍ ስትደርሱ ከተማ ቢጤ ነው፣ ሻይ ቤት አለ፣ ባጃጅ አለ። ምሳ እዚያ እንበላለን ብላችሁ አትተማመኑ፤ እኛ ያገኘነው ሽሮ ብቻ ነበር፣ እሱም ጥሩ ነበር። ዓሣ የፈለገ ባሕር ዳር ተመልሶ ቆሮሶውን ይብላ። መንገድ ላይ ውሃ የሚሸጥ አላየንም፣ ለሁለት ሰው ሦስት ሊትር ያዙ። መጸዳጃ ወደቡ ላይ ተጠቀሙ። የሚያዳልጥ ጫማ አታድርጉ፣ የዛፉ ሥር ላይ እርጥብ ቅጠል ይተኛል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታና የመኪናውን ሰዓት አስጎብኚውን ጠይቁት፤ ከአፋፍ የሚነሳ መኪና ሲመሽ አይገኝም።

ያልወደድኩት ነገር፦ ኡራ ወደብ ላይ ውሃው ዳር የተጠራቀመው የፕላስቲክ ጠርሙስ። ታንኳ በደንገል ተሠርቶ እዚያው በስብሶ ወደ ሐይቁ በሚመለስበት ቦታ ላይ ይህን ማየት ያሳዝናል። ጠርሙሱን የምናመጣው እኛው ከከተማ የምንሄደው ነን። እኛ የራሳችንን በቦርሳ ይዘን ተመለስን።

ከእማማ የገዛሁት አንድ ኪሎ ቡና ባለፈው እሑድ አለቀ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ልንሄድ ተቀጣጥረናል፤ በዚያ ቀን ጀልባ ስለሚጨናነቅ ከወዲሁ ያዙ። ቡናውን የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ፣ ይዤ እመጣለሁ።