ዛጎልን ለመመደብ፦ ቅርፊቱ ወይስ ዲኤንኤው?

ለገጣፎ ባዮሎጂ ለማስጠናቸው ልጆች ይህ ጥያቄ አይቀሬ ነው፦ የባሕር ቀንድ አውጣ በምን ይመደብ? እኔ በዛጎል ነው የማስረዳው፤ እሱም የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ቤተሰቡ ሳይፕሪዴ ይባላል።

ወጪ፦ ለቅርፊት ዓይንና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ዲኤንኤ ላብራቶሪና ገንዘብ ይፈልጋል፤ እዚህ ከከተማ ዳር ላለ ትምህርት ቤት አይታሰብም።

ስህተት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የምደባ ሥርዓቱን የጀመረው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ዛጎሎቹን ሳይፕሪያ በሚል አንድ ወገን (ጂነስ) ከተታቸው። ዛሬ ግን በተለያዩ ወገኖች ተከፍለዋል፤ ድሮ በገንዘብነት ያገለገለው ዛጎል ሞኔታሪያ ሞኔታ ሲባል፣ ትልቁ ባለነጠብጣብ ሳይፕሪያ ትግሪስ እንደተባለ ቀርቷል። ያላደገ ዛጎል ደግሞ ቅርፊቱ ስስ፣ አፉ ሰፊና ጥርስ አልባ ስለሆነ የሌላ ቤተሰብ ሊመስል ይችላል። ዲኤንኤ በዕድሜ አይሸወድም።

አንቀልባ ላይ የተሰፋውን ዛጎል እስቲ ገልብጣችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ጀርባው ተቆርጧል፤ የሞኔታሪያ ሞኔታን የቅርብ ዘመድ ሞኔታሪያ አኑለስን የሚለየው ብርቱካናማ ቀለበት ደግሞ እዚያው ጀርባው ላይ ነበር፣ አብሮ ሄደ። የቀረው ጥርሳሙ ስንጥቅ ብቻ ነው። ደርቆ የኖረ ባዶ ቅርፊት ለዲኤንኤም ያስቸግራል፤ ሥጋው አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ናሙና ይሻላል።

ቅሪተ አካል ወይም የክፍል ትምህርት ከሆነ ቅርፊቱን ያዙ። የሚመሳሰሉ ዝርያዎች ካደናገሯችሁና ሥጋ ያለው ናሙና ካገኛችሁ ወደ ዲኤንኤ ሂዱ፤ ማን ከማን ይዛመዳል ለሚለውም እሱ ነው።